መስኩን ሦስት ጊዜ የዞረው ፈረስ

ባለፈው ኅዳር፣ ደመናው መሬት ወርዶ የደጃችንን ቀርከሃ በዋጠበት አንድ ጧት፣ ሰላማዊት የምትባል ልጅ ቤታችን መጣች። ከባህል መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁ አለች። ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ አስፋልቱ ላይ ስላወረዳት ነጭ ጫማዋ ነጭነቱን ትቶ ነበር። ባለቤቴ ይታይሽ እግሯን አስታጠበቻት፤ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችላት። ልጅቱም ድንቹን እያበረደች እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ ሙላት፣ ጎብኚ ወደ አገራችን እንዲመጣ፣ በዓመት ውስጥ ያሉትን ደስ የሚሉ በዓሎች እየመዘገብን ነው። እርስዎ የዱሮውን ያውቃሉ ብለው ነው የላኩኝ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ በስንት ሰዓት ተጀምሮ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ይንገሩኝ።» በስንት ሰዓት ያለችው አሳቀኝ። በእኛ ጊዜ በዓል የሚጀምረው መስኩ በሰው ሲሞላ ነው፤ የሚያልቀው ደግሞ ጋኑ ሲነጥፍ። ሰዓት ያሰረ ሰው በከተማው ውስጥ ከሦስት አይበልጥም ነበር፤ የሦስቱም ሰዓት ተስማምቶ አያውቅም።

ቢሆንም እንግዳን ባዶ እጁን መስደድ ነውር ነውና መቁጠር ጀመርሁ። መስቀልን ነገርኋት። ዛሬ እንጅባራ የምንላትን ከተማ ያን ጊዜ ኮሶበር ነበር የምንላት፤ ኮሶበር ላይ ደመራ መለኮስ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ክረምቱ ወጣ ብለን እኛ አደይ አበባ ስንቀጥፍ ዝናቡ መውጣቱን የነገረው ሰው የለም፤ እንጨቱ እርጥብ፣ ችቦው እርጥብ፣ ለኳሹም እርጥብ ነው። ካህናቱ በጭሱ ውስጥ እያሳሉ ይዘምራሉ፣ እኛም እያሳልን እናጨበጭባለን። ከዚያ ጥምቀትን ነገርኋት፤ እሱን እንኳ የማውቀው በተወለድሁባት በዳንግላ ነው። ሎሚ ከቆላው ከጫግኒ በአህያ ተጭኖ የሚመጣ ስለነበረ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የዳንግላ ጎረምሳ ሎሚውን ለወደዳት ልጅ ከመወርወሩ በፊት መልሳ የምትወረውር ዓይነት መሆኗን ያጣራል። ሰላማዊት ይህን ሁሉ እየሳቀች ስልኳ ላይ ትነካካለች። «ኔትወርክ ባይኖርም ይጽፋል» አለችኝ፣ የተጨነቅሁ መስሏት። ቀጥላም «እርስዎ ራስዎ ግን በዕድሜዎ በጣም የተደሰቱበት በዓል የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተነሥቼ ካልጋው ሥር ያለችውን የእንጨት ሳጥን ጎተትሁ። ይታይሽ ከማዶ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ይኸው፣ ያን ፈረስ ሊያወጣው ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ሳጥኗ ውስጥ ያለው አንድ ክንድ የሚሆን ቀይ ከፋይ ነው፤ ዳር ዳሩ በቢጫ ክር የተዘመዘመ፣ አንዱ ማዕዘን ብል የበላው የፈረስ ግላስ ቁራጭ። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ናፍታሊኑ አለ፣ አሮጌው ጨርቅ አለ፣ ከሁሉም ሥር ግን ያ የፈረስ ላብ አለ። ያ ሽታ ባፍንጫዬ ሲገባ ሰማንያ ዓመቴ ከትከሻዬ ወረደ።

ዓመቱን በትክክል አልናገርም፤ ብናገርም ይታይሽ ታርመኛለች። ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ አስፋልቱ ገና ጠጠር ነበር። አውቶቡስ በሩቅ ሲመጣ አቧራው ቀድሞ ይደርስ ስለነበረ ተሳፋሪው ከመሳፈሩ በፊት ይነጣ ነበር። አንድ ብርሌ ጠጅ በስሙኒ ነው፤ ስሙኒ ያለው ሰው ደግሞ ወዳጅ አያጣም። እኔ የሃያ አራት ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ። በዳንግላ አምስት ልብስ ሰፊ ነበር፤ በኮሶበር አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ እሱም ዓይኑ ደክሞ የሸሚዝ ቁልፍ በጀርባ በኩል ይተክላል እየተባለ ይታማል። ይህን ስሰማ የስፌት መኪናዬን በበቅሎ አስጭኜ፣ እኔ ከኋላ በእግሬ እየተከተልሁ፣ ኮሶበር ገባሁ፤ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ በረንዳ ተከራየሁ። ካኪ ሱሪ በሽልንግ እሰፋለሁ። ተነፋነፍ ሱሪ ከሆነ ግን ብር ከሽልንግ ነው፤ ጭኑ ላይ የሚፈሰው ጨርቅ ለሌላ ሰው ቀሚስ ይወጣዋል። ያገሬው ብርድ የሚቻል አልነበረም፤ ጧት ጧት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ድረስ ያለ ክር ነበር የምረግጠው፤ ላላፊ አግዳሚው ግን ሥራ የበዛበት ባለሙያ እመስለው ነበር።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሥራው ሁሉ ወደ ፈረስ ይዞራል። ጥር ሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሰኛው ከየአቅጣጫው፣ ከጥርባም ከዘንገናም፣ ወደ መስኩ ይጎርፋልና ፈረስ ያለው ሁሉ ለፈረሱ አዲስ ግላስ ያሰፋል። ለሚስቱ ቀሚስ ሲያሰፋ ዋጋ አስቀንስ ብሎ እስከ ቀትር የሚከራከረው ገበሬ ለፈረሱ ሲሆን አፉን አይከፍትም፤ ጨርቁን ራሱ ዳብሶ «ይህ ይኮሰኩሰዋል» ይላል። እዚያ አገር ፈረስ የማይገባበት ጉዳይ የለም። ሰርጉም በፈረስ፣ ለቅሶውም በፈረስ፣ ንግሡም በፈረስ ነው። በበዓሉ ዕለት አንገቱ ላይ የነሐስ ቃጭል፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር የታሰረለት ፈረስ ሲሰለፍ፣ ባለቤቱ ጎፈሩን ደፍቶ ለምዱን ደርቦ ሲቀመጥበት፣ የሚያየው ሰው ያ ሰውዬ ትናንት ድንች ሲቆፍር የነበረው መሆኑን ይረሳል። እኔ ግን ቀይ ከፋይ ስዘመዝም አንድም ቀን ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ፈረስ ከጎኑ ሲያዩት ጨርቅ የሚለካበት ነገር ነው፤ ከላዩ ምን እንደሚመስል ግን ባለቤቱ ይወቀው እል ነበር።

ከግላስ አሰፊዎቹ አንዱ ግራዝማች ጓንጉል ነበሩ። የአጥቢያ ዳኛ ናቸው፤ ቁመታቸው ረዥም፣ ሳቃቸው ደግሞ ጭራሽ የለም። እሳቸው ፊት ሰው ጉሮሮውን እንኳ የሚጠርገው ፈቃድ ጠይቆ ነው ይባላል። ሲያመሰግናቸው የሰማሁት ሰው የለም፤ ሲያማቸውም የሰማሁት የለም። ግላሱን ልትወስድ የመጣችው አንዲት ልጃቸው ይታይሽ ነበረች። ዝምዝማቱን በጥፍሯ እየቆጠረች አየችና «እዚህ ጋ ሁለት ክር ዘለሃል» አለችኝ። አምስት ዓመት ስሰፋ ያን የመሰለ ነገር ያገኘብኝ ሰው አልነበረም። ፈትቼ እንደገና ዘመዘምሁት። በሳምንቱ ደግሞ የራሷን ጥብቆ ልታሰፋ መጣች፤ በሌላው ሳምንት የእናቷን። ከእናቷ በኋላ የሚሰፋለት ዘመድ ሲያልቅብን ነገሩ ለሁለታችንም ግልጽ ሆነ። ወድጃት ነበር፤ እንቅልፍ ነሥታኝ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ይህን መናገር አላፍርም።

ሽማግሌ ላክሁ። ግራዝማች ሰዎቹን አስቀምጠው፣ ጠላ አስቀድተው፣ በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ «ይህ ልብስ ሰፊ መኪናው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲጋልብ ይውላል፤ ግን ከበረንዳው ወጥቶ አያውቅም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሊስቁ ፈልገው ፈሩ። ግራዝማችም ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ፈረስ ላይ ተቀምጦ መስኩን ሦስት ጊዜ ይዙር፤ ሳይወድቅ መጥቶ ከፊቴ ይቁም። ይህን ካደረገ ልጄን እሰጠዋለሁ። ከወደቀ መኪናውን ጭኖ ወደ ዳንግላው ይመለስ። ለጥርባው ልጅ እሺ እላለሁ።» የጥርባው ልጅ የተባለው ሦስት ፈረስ ያለው፣ ሽምጥ እየጋለበ ከመሬት ዘንግ የሚያነሣ ጎረምሳ ነበር። ይህ ሲነገረኝ እግሬ መኪናው ላይ ብቻውን ይረግጥ ጀመር። ያን ቀን ማታ ጊዮርጊስ ደጅ ሄጄ «ሳልወድቅ ካወጣኸኝ በያመቱ ጧፍ አገባልሃለሁ» ብዬ ተሳልሁ።

ስለቱ በሦስተኛው ቀን የተሰማ መሰለኝ። የይታይሽ አጎት፣ የእናቷ ወንድም አያ ተሻገር፣ አንድ ፈረስ እየሳቡ በረንዳዬ ደረሱ። ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ ዓይኑ እርጥብ፣ አኳኋኑ የመነኩሴ ነው። «ጨዋው ይባላል፤ ለበዓሉ ውሰደው» አሉኝ።

«አይጥልም?» አልኋቸው።

«ሰው ጥሎ አያውቅም።»

«ይሮጣልስ?»

አያ ተሻገር ጢማቸውን አሻሹና «የሚያስሮጥ ጉዳይ ገጥሞት አያውቅም» አሉኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ነበር።

ሳምንት ሙሉ ጧት ጧት በዘንገና መንገድ ተለማመድሁ። እንዲያ ያለ ፈረስ አይቼ አላውቅም፤ ረግጦ ያርፋል፣ አርፎ ይረግጣል። የገረመኝ ግን ሰዉ ነበር። በየደጁ የተቀመጠው ሁሉ ሲያየን ይነሣል። ወንዶቹ ቆባቸውን ያወልቃሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይለብሳሉ። ካንገታቸው ደፋ ብለው ባገውኛ አንድ ነገር ይሉኛል፤ አገውኛ አላውቅምና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ይህ አገር ፈረሰኛን እንዴት ያከብራል ብዬ ተደነቅሁ። አንድ ሽማግሌማ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ፈገግ ብዬ አዎ ስላቸው ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው እስከ ገበያው ድረስ ተከተሉኝ። እዚያ ስደርስ ፈረሱን አስሬ ሥራዬን ስጀምር ግራ ቀኝ ሲያዩ ቆዩና ተናደው ተመለሱ። ልብስ ሰፊ ሆኜ የዚያን ሁሉ ሴት ነጠላ አለባበስ አለማንበቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ጥፋቴ ግን በዚህ አላበቃም። ለበዓሉ ከሁሉም ልቄ ልታይ ብዬ ያለችኝን ጥሪት በሙሉ አውጥቼ ለራሴ ካፖርት ሰፋሁ፤ ጨርቁን ስመርጥም ጥቁር መረጥሁ።

ቀኑ ደረሰ። ውርጩ ሣሩን አድርቆት፣ ፀሐይዋ ወጥታ፣ መስኩ ገና በጧቱ ሞልቶ ነበር። የጠላ እንስራ በየጥጉ ተደርድሯል፤ አዝማሪው መሲንቆውን ይዞ ካፉ ውዳሴ እያፈሰሰ፣ በኪሱ ሳንቲም እያንኳኳ ይዞራል። ግራዝማች በቀርከሃ ዳስ ሥር በትልቅ ወንበር ተቀምጠው፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ፣ ሴቶቹ ከኋላ ነበሩ። በመጀመሪያ ፈረሰኛው ሁሉ ጋለበ። የጥርባው ልጅ ሲያልፍ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ዘንጉን ወርውሮ ራሱ ደርሶበት አነሣው፤ እልልታው ቀለጠ። ለእሱ እልል ካሉት ውስጥ እኔም አለሁበት፤ ፍርሃት የማያስደርገው ነገር የለም። ከዚያ «ሙላት! ልብስ ሰፊው!» ተብሎ ተጠራ።

ራሴ የሰፋሁትን ቀይ ግላስ ጨዋው ላይ ደርቤ፣ በአያ ተሻገር ትከሻና በአንድ ጉቶ እርዳታ ወጣሁ። ልጓሙን ሳብሁ፤ ተረከዜን ነካ ነካ አደረግሁ። ጨዋው አልተንቀሳቀሰም። ሕዝቡ ሳቀ። ልክ በዚያን ጊዜ መለከተኛው መለከቱን ነፋ። ጨዋው ያን ሲሰማ ጆሮውን ጣለ፤ አንገቱን ሣሩን እስኪነካ ድረስ ደፋ፤ ከሆዱ ድረስ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ መራመድ ጀመረ። ቀኙን ያነሣል፣ ያርፋል። ግራውን ያነሣል፣ ያርፋል። አሥር ርምጃ ሄዶ ይቆምና መሬቱን በኮቴው አንድ ጊዜ ጫር አድርጎ ይቀጥላል። እኔ ጥቁር ካፖርቴን ለብሼ፣ እንዳልወድቅ ጋማው ላይ አጎንብሼ፣ ፊቴ በፍርሃት ጠቁሮ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን ዙር እየሳቁ አዩን። በሁለተኛው ዙር ሳቁ ሳሳ። በሦስተኛው ዙር የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሰው የለመደውን ነገር ሲያይ ልቡ ሳያዝዘው እጁ ይታዘዛል፤ ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ዳሱ ከማይታያቸው ከኋለኞቹ መካከል «ማን ነው የሞተው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ያ ጥቁር የለበሰው ልጁ ይሆን?» አለ ሌላው።

ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ ጨዋው ማንም ሳያዘው ወደ ዳሱ ታጠፈ። ከግራዝማች ፊት ደረሰ፤ የፊት እግሮቹን ገጠመ፤ ራሱን ጉልበታቸው ላይ አሳርፎ ቆመ። ግራዝማች ብርሌያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ግራዝማች ቤት ነው የቆመው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ውይ! ውይ ግራዝማች!»

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። እትዬ ውዴ የምትባል ያገሩ ሁሉ አልቃሽ፣ እሷ ያላለቀሰችለት ሰው ሞቶ እንዳልሞተ የሚቆጠርባት፣ ከኋላ በኩል ጠላዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ዋንጫዋን አስቀመጠች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ድምጿን አወጣች፦

«የተጣላ ሁሉ ደጁ እየዋለ፣
ዳኛው ዛሬ ማነው? እሱ ዝም አለ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። መስኩ በሙሉ ደረቱን ይመታ ጀመር። ግራዝማች በቁጣ ከወንበራቸው ሊነሡ ወገባቸውን ሰበር አድርገው ነበር፤ ግጥሙ ጆሯቸው ሲደርስ ግን እንዲያው እንደጎበጡ ቆዩና ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። አያቸው ነበር፤ ከላያቸው ሆኜ በቅርብ አያቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሲፈርዱ አንድ ሰው እንኳ መልካም ፈረዱ ብሏቸው አያውቅም፤ ሰዉ የሚፈራቸውን ያህል እንደሚወዳቸውም አልሰሙም ነበር። የጥርባው ልጅ ፈረሱን እያስፈነጠረ መጥቶ «ኧረ ሰዎች ስሙ! ይህ ሦስት ዞሮ ከሟች ቤት ፊት የሚቆም፣ አባቴን የሸኘው የለቅሶ ፈረስ ነው! ግራዝማች በሕይወት አሉ!» ብሎ ጮኸ።

ግራዝማች እጃቸውን ዘርግተው «አንተ ዝም በል!» አሉት። «ትጨርስ!»

እትዬ ውዴ ቀጠለች፦

«ጎተራውን ሞልቶ፣ አስረክቦ ከብቱን፣
ሳይድራት ሄደ ወይ ያቺን አንዲቱን!»

ማልቀስ ያለበት ያለቅሳል፣ ማየት ያለበት ግራዝማችን ያያል። እትዬ ውዴ ሰዉን እየገፋች፣ ደረቷን እየመታች፣ ሬሳው ወዳለበት መጣችና ሬሳው ብርሌ ይዞ ሲያያት ደረሰች። «እኔን ይድፋኝ! አሉ እንዴ ግራዝማች?» አለች።

«አለሁ።»

«ታዲያ የቀረውን ልተወው?»

ግራዝማች ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «ለጊዜው ይብቃ» አሉ። «የቀረውን አደራ አስቀምጪልኝ።» በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ፊን ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ በመጨረሻ ግራዝማች ራሳቸው ሳቁ። ሳቃቸውን የሰማው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ድምፁ የማን እንደሆነ ማንም አላወቀውም ነበርና።

የጥርባው ልጅ ግን አልሳቀም። «ይህ ግልቢያ አይደለም፤ ፍርድ ይሰጠኝ» አለ። ፍርድ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግራዝማች ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እኔ ምን ነበር ያልሁት?»

«ሦስት ጊዜ ይዙር ነው ያሉት» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ዞረ?»

«ዞሯል።»

«ወደቀ?»

«አልወደቀም።»

«ከፊቴ ቆመ?»

«ይኸው አልሄድ ብሎ ቆሟል።»

«ይሩጥ ብያለሁ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ይህንስ አላሉም።»

«እንግዲያ ቃሌን አላጥፍም» አሉ ግራዝማች። ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ልወድቅ የደረስሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ «በል አሁን ይህን ፈረስ ከፊቴ አንሣልኝ» አሉኝ። ልጓሙን ሳብሁ፤ አልነቃነቅ አለ። አያ ተሻገር ራሳቸውን እያከኩ ቀረቡ። «ግራዝማች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ፈረስ ከሟች ቤተ ዘመድ እጅ ገብስ ካልቀመሰ አይሄድም።»

«በቤቴ የሞተ የለም! እፍኝ ገብስ አይሰጠውም!» አሉ ግራዝማች፤ ቁጣቸው ተመለሰ። ፈረሱ ተነፈሰ። ቆምን። ይታይሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን ገብስ ፈታች፣ እጇን ዘረጋች፤ ጨዋው ቀምሶ ራሱን ቀና አደረገና እኔን ይዞ እየተጎተተ ሄደ። ገብሱን ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተጋባን። ሙሽራው ራሱ ሱፉን የሰፋበት ሰርግ እኔ እስከማውቀው የእኛው ብቻ ነው። ግራዝማች ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ ብል ውሸት ነው፤ እንደ በፊቱ ይቆጡ ነበር። ግን በያመቱ ጥር መስኩ ላይ እትዬ ውዴን ሲያገኟት «አደራዬ አለ?» ይሏታል፤ «ካለው ላይ እየጨመርሁበት ነው» ትላቸዋለች። ከብዙ ዓመት በኋላ እውነተኛው ቀን ሲመጣ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው «ጨዋው ድሮ አልቅሶልኛል፤ ለእኔ የሚሮጥ አምጡ» ብለው ተናዘዙ። በቀብራቸው ፈረሰኛው ሽምጥ ጋለበ፤ የጥርባው ልጅ፣ ያን ጊዜ የአምስት ልጆች አባት፣ ከሁሉም ፊት ነበር። እትዬ ውዴም በምርኩዝ መጥታ አደራዋን አንድ ሳታስቀር አስረከበች።

ዛሬ መስኩ ላይ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸው ሰው ከፈረሰኛው ይበዛል። ጎኑ ላይ ፈረስ የተሳለበት ባጃጅም አይቻለሁ። ቅር አይለኝም፤ የፈረሱ ላብ እንደሆን ያው ነው። ይህን ሁሉ ለሰላማዊት አወራሁላት፤ ድንቹ ቀዝቅዞ ቀረ። በመጨረሻ «ታዲያ አባባ፣ ይህን ምን ብዬ ልመዝግበው?» አለችኝ።

«የቅዱስ ጊዮርጊስ ተአምር ብለሽ መዝግቢው» አልኋት። «ስለቴን ሰምቶ ያን ፈረስ ላከልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ጧፉን አቋርጬበት አላውቅም።»

ይታይሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ጊዮርጊስ ደግሞ ምን አደረገ?» አለች። «እሱ የሚያውቀው በነጭ ፈረስ መጋለብ ነው። ስለትህን እሱ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ የሚሮጥ ሰጥቶህ አንገትህ ተሰብሮ ነበር።»

ዞሬ አየኋት።

«አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲነጋገር ጓዳ ነበርሁ። ሦስት ጊዜ ይዙር፣ ሳይወድቅ ከፊቴ ይቁም ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ይህን ከነልማዱ የሚያውቅ ፈረስ ባገሩ አንድ ብቻ ነበር። በማግሥቱ አጎቴ ቤት ሄድሁ፤ ሁለት ቀን ለመንሁት።»

«ገብሱስ?»

«ሳይበላ እንደማይሄድ እያወቅሁ ባዶ እጄን ልምጣ?»

«እትዬ ውዴስ?»

«እሷን ያዘዛት የለም» አለች ይታይሽ። «እሷ ከእግዜር ናት።»

ሰላማዊት ስልኳን ረስታዋለች። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ለልጅ ልጆቼ ሳይቀር ያወራሁትን ጀብዱ በልቤ እያገላበጥሁ የሚተርፈኝ ነገር እንዳለ አየሁ፤ ካፖርቱ ብቻ ተረፈኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?» አልኋት።

«በየዓመቱ ጧፉን ይዘህ ስትወጣ ደስ ብሎህ ነበር የምትወጣው» አለች፤ ነጭ ሽንኩርቷን ወደ መላጥ ተመለሰች። «ደግሞም ፈረሰኛ አማረኝ ያለ ማን ነው? የወደድሁት ልብስ ሰፊውን ነበር፤ በሕይወት እንዲደርስልኝ ፈለግሁ።»

ጥር ሃያ ሦስት ሲመጣ ከሱቁ ሁለት ጧፍ ገዛሁ። አንዱን ለጊዮርጊስ አስገባሁ፤ ስለት ስለት ነው፣ ደግሞ ከሰማዕት ጋር መጣላት አልፈልግም። ሁለተኛውን በካፖርቴ ሥር ይዤ ቤት ገባሁ። ይታይሽ በጧፉም በእኔም ላይ ዓይኗን አንከራተተችና «መብራት አልጠፋ፤ ምን ሊሠራ ነው?» አለችኝ።

«የስለት ነው» አልኋት። «የሰማሽው አንቺ ነሽ።»